በድንጋይ ክምር ውስጥ የተገኘ ዶቃ

ከደብረ ሲና በስተ ሰሜን፥ በመንዝና በግድም አገር፥ ትልልቅ የድንጋይ ክምሮች በከፍታ ላይ ይታያሉ። ከሩቅ ሲያዩአቸው ገበሬ ከእርሻው ለቅሞ የጣለው ድንጋይ ይመስላሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ የጥንት ሰዎች መቃብር ናቸው።

ከእነርሱም አንዱ ተተር ጉር ይባላል። የተሠራው ከ1000 ዓመት በፊት ገደማ ነው። በክምሩ ውስጥ በድንጋይ የታነጸ ክፍል አለ፤ ወደ ክፍሉም ከውጭ የሚያስገባ ጠባብ መተላለፊያ ተሠርቶለታል። ለሙት መተላለፊያ ምን ያደርግለታል? መተላለፊያውስ ለሕያዋን ነው። ሌላ ሰው በሞተ ጊዜ ክምሩን ሳያፈርሱ በዚያ ገብተው ይቀብሩታል። ስለዚህ በአንዱ ክፍል የብዙ ሰዎች አጥንት ተገኘ።

እንዲህ ያለ መቃብር በሩቅ አገርም አለ። በአየርላንድ፥ ሎክክሩ በሚባሉ ኮረብታዎች ራስ ላይ፥ ከ5000 ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ ያለው የድንጋይ ክምር ይገኛል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወራት የማለዳ ፀሐይ በመተላለፊያው ገብታ በውስጥ ያለውን የተቀረጸ ድንጋይ ታበራለች። የሁለቱ አገር ሰዎች ግን አልተዋወቁም፤ በመካከላቸው 4000 ዓመት ያህል አለ።

የሸዋዎቹን መቃብሮች ፎቬልና ፑዋሶኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሊቃውንት ቈፍረው መረመሩ፤ መጽሐፋቸውም በ2012 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ታተመ። ከሙታኑ ጋር የሸክላ ዕቃና የብርጭቆ ዶቃ አገኙ። ዶቃው ትንሽ ነው፤ ነገሩ ግን ትልቅ ነው። እንዲህ ያለው ብርጭቆ በዚያ አገር አልተሠራም፤ ከባሕር ማዶ በመርከብ መጥቶ፥ ነጋዴ ተሸክሞት ወደ ደጋ ወጣ። እንግዲህ ክርስቲያንም እስላምም ያልነበሩት እነዚያ ሰዎች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ይገበያዩ ነበር።

ወርቅ አገኛለሁ ብሎ ክምሩን የሚንድ ሰው ይህን ሁሉ ያጠፋዋል። ዶቃው በማን አንገት እንደ ነበረ፥ ከየትኛው ሸክላ አጠገብ እንደ ተቀመጠ፥ ከተነሣ በኋላ ማንም ሊናገር አይችልም፤ ከመጽሐፍ የተቀደደ ገጽ ይሆናል። ሊቃውንቱ ግን አንዱን ድንጋይ ከማንሣታቸው አስቀድሞ ይለኩታል፥ ሥዕሉንም በወረቀት ይሥላሉ፤ ሥራውም እጅግ ይዘገያል። ከክምሮቹ ብዙዎቹ ገና አልተከፈቱም።