ከሆስፒታሉ አትክልት ስፍራ የተማርኩት

ዛሬ የማጫውታችሁ አንድ ከሰዓት በኋላ ስለቆየሁበት የአትክልት ስፍራ ነው። ታሪኩ እኔኑ የሚያስወቅስ ቢሆንም አልደብቃችሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ቤታችን ፀረ ኤድስ ክበብ ስለ ማግለልና መድልኦ በሰልፍ ላይ የሚነበብ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ መደበኝ። የክበቡ ኃላፊ መምህራችን ግን «መገለልን የሚያውቁት የደረሰባቸው ናቸው። መጀመሪያ ሄዳችሁ እዩ» አሉን። ፈቃድ ጠይቀውልን አምስት ሆነን አዲስ አበባ ወደሚገኘው የፊስቱላ ሆስፒታል ሄድን። «ቲቸር፣ ፊስቱላና ኤች.አይ.ቪ ምን አገናኛቸው?» ብላቸው «ስትመለሺ አንቺው ትነግሪኛለሽ» ብለው ዝም አሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሆስፒታል ሲባል ወደ አእምሮዬ የሚመጣው የመድኃኒት ሽታና ረጅም ወረፋ ነበር። ይህኛው ግን ወንዝ ዳር ያለ፣ ዛፍና አበባ የሞላበት ግቢ ነው። ሴቶች ባለቀለም ሹራብ ደርበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ገሚሶቹ ኪሮሽ ይሠራሉ፤ ገሚሶቹ ዝም ብለው አበባውን ያያሉ። ከወፎች ድምፅና ከዝቅተኛ ወሬ በቀር ጫጫታ የለም።

ፊስቱላ ምንድን ነው?

አንዲት እናት ምጥ ጠንቶባት ያለ ሐኪም እርዳታ ለቀናት ስትቆይ የሕፃኑ ጭንቅላት የማኅፀን በርንና የፊኛን አካባቢ ከዳሌ አጥንት ጋር ያጣብቀዋል። የተጨመቀው ሥጋ ደም ስለማያገኝ ይሞታል፤ በቦታውም ቀዳዳ ይፈጠራል። ከዚያ በኋላ ሽንት፣ አንዳንዴም ዓይነ ምድር፣ ያለ ፈቃዷ ይፈስሳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ሰውነታቸው ሳይጠነክር የሚዳሩ ልጃገረዶች ለችግሩ ይበልጥ ይጋለጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ማድረጉ አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነው።

በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ቢሆንም በሽታው ስላለባት ብቻ ባሏ የፈታት፣ ጎረቤት የሸሻት፣ ለብቻዋ ጎጆ የተቀለሰላት ሴት ብዙ ናት።

ሆስፒታሉን እ.ኤ.አ. በ1974 የመሠረቱት ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ናቸው። በ1959 ከአውስትራሊያ መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሲሠሩ እነዚህን እናቶች አይተው በዚሁ አገር ቀሩ። ዶክተር ካትሪን በ2020 እስካረፉ ድረስ ኑሯቸው እዚሁ ነበር። ሕክምናው በነፃ ነው። ዛሬ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱም ቅርንጫፍ ሆስፒታሎች አሉት። ማሚቱ ጋሼ በ1962 ታካሚ ሆነው የመጡ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ወጣት ነበሩ። ድነው፣ ሥራውን እያዩ ተምረው፣ ራሳቸው የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ባለሙያ ለመሆን በቅተዋል።

አትክልት ምን ይፈውሳል?

አበባ ቀዳዳ አይሰፋም፤ ቫይረስም አይገድልም። ግን ጥቅም አለው። ሮጀር ኡልሪች የተባለ ተመራማሪ በ1984 ያሳተመው ጥናት በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች ያነጻጽራል። 23ቱ በመስኮታቸው ዛፍ ያያሉ፤ 23ቱ የጡብ ግድግዳ ብቻ ያያሉ። ዛፍ የሚያዩት ቀደም ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም አነስ ያለ ወሰዱ። ሰው ሲረጋጋ ሰውነቱም ከሕክምናው ጋር ይተባበራል ማለት ነው።

አሁን ወደ እኔ ጉድ ልመለስ።

ደክሞኝ ነበርና አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ልቀመጥ ጠጋ አልኩ። ዳር ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ ከእኔ በዕድሜ ብዙም የማትበልጥ። የቀሚሷ ጫፍ ርሶ አየሁና እግሬ ቆም አለ። ቃል አልተናገርኩም፤ ፊቴም የተለወጠ አልመሰለኝም። እሷ ግን ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ ሹራቧን ሰብስባ እስከ ወንበሩ ጫፍ ሸሸችልኝ። እኔ ሳልሸሽ በፊት እሷ ሸሸች!

አጠገቧ የነበሩ ጠና ያሉ ሴት ይህን አዩ። ክንዷን ይዘው ወደ መሐል እየሳቧት «ነይ ወዲህ፣ እዚህ ማንም ከማንም አይርቅም» አሏት። ወደ እኔም ዞረው «ልጄ፣ ቁጭ በይ እንጂ፤ ቦታ ሞልቶ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ፊቴ በእፍረት ጋለ።

ያን ጊዜ የታየችኝ የክፍላችን ልጅ ናት። ስሟን አልጠራም። «መድኃኒት ትወስዳለች አሉ» የሚል ወሬ ከተነሳ ወዲህ መጨረሻው ዴስክ ላይ ብቻዋን ነው የምትቀመጠው። እኛም «ኧረ እኛ ምን አደረግናት፣ ራሷ ናት የሄደችው» እንል ነበር። እውነት ነው፣ ራሷ ናት የሄደችው። ነገር ግን እንደዚያች ሴት ሁሉ፣ ቆም ያሉ እግሮቻችንን አይታ ነው። የተገለለ ሰው እስኪገፉት አይጠብቅም፤ ቀድሞ ይሸሻል። ለመምህራችን ጥያቄ መልሱ ይኸው ነበር።

ኤች.አይ.ቪ አብሮ በመቀመጥ፣ በመጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት፣ በመጸዳጃ ቤት ወይም በትንኝ ንክሻ አይተላለፍም። የሚተላለፈው ጥንቃቄ በጎደለው ወሲብ፣ በተበከለ ደም፣ በጋራ በሚጠቀሙበት ስለታማ ነገርና ከእናት ወደ ልጅ ነው። የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በአገራችን ከ2005 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ወርዶ የቆየ ሰው በወሲብ ግንኙነት ቫይረሱን ለሌላ አያስተላልፍም። እንግዲህ ዋናው ጉዳት የት ላይ እንዳለ ተመልከቱ። ሰው ያየኛል ብሎ የፈራ አይመረመርም፤ ኪኒኑን ደብቆ የሚውጥ ሰዓቱን ያሳልፋል፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ ይባዛል። ማግለል በሽታውን ያግዘዋል።

ሰኞ ጠዋት ደብተሬን ይዤ መጨረሻው ዴስክ ላይ ሄድኩ። ልጅቷ አየችኝና «ተሳስተሽ ነው ወይስ ቦታ አጥተሽ?» አለችኝ።

«ቦታማ ሞልቷል። አንቺ ጋ መቀመጥ ፈልጌ ነው» አልኳት።

ወዲያው ጓደኛሞች ሆንን ብል ውሸት ነው። ያን ሳምንት ከሰላምታ በቀር ብዙም አላወራችኝም። በሁለተኛው ሳምንት ግን የሒሳብ የቤት ሥራ አብረን ሠራን። ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ብትፈልግ ትነግረኛለች፤ ባትፈልግ ደግሞ የራሷ ምሥጢር ነው።

የሰልፉን ጽሑፍም አነበብኩ። ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ግን እሱ አይደለም፤ ከእኔ በኋላ ሌላ አንድ ልጅ ወደ መጨረሻው ዴስክ መምጣቱ ነው።

ለክበብ ውይይት

1. በክፍላችሁ ወይም በሰፈራችሁ «ራሱ ነው የሄደው» የሚባልለት ሰው አለ? ለምን የሄደ ይመስላችኋል?
2. ስለ አንድ ተማሪ የጤና ሁኔታ ወሬ ብትሰሙ ምን ታደርጋላችሁ?
3. በትምህርት ቤታችሁ ግቢ ዛፍ ተክላችሁ፣ ወንበር አኑራችሁ ማንም ሳይርቅ የሚቀመጥበት ጥግ ለማዘጋጀት ከየት ትጀምራላችሁ?