ዝናብ በማያባራበት አገር ልብስ አጥቦ ማድረቅ

ሚዛን ተፈሪ ላይ ልብስ ማጠብ አይከብድም፤ የሚከብደው ማድረቁ ነው። ጠዋት ጭጋግ፣ ረፋድ ላይ ጥቂት ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ ዶፍ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ትንሽ ፋታ ይሰጣል እንጂ በቀሩት ወራት ከበበቃ እስከ ቴፒ፣ ከቴፒ እስከ ማሻ ኑሮው ከዝናብ ጋር ነው። ከደረቅ አገር መጥቶ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ ልብሱ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሽተት ሲጀምር ሳሙና ይቀይራል። ቀጥሎ ሳሙናውን ያበዛል። ሽታው ግን ያው ነው፤ ምክንያቱም ጥፋቱ ከሳፋው ሳይሆን ከገመዱ ነው።

በዚህ ላይ አካባቢው የራሱ እድፍ አለው፦ ቀይ አፈር፣ እርድ፣ ሙዝ፣ ቡና። ለአንዱ መፍትሔ የሆነው ሌላውን ያብሳል። ሁሉንም በአንድ ሳፋ፣ በአንድ ሳሙና ማሸት ልብስ ከማስረጀት በቀር ትርፍ የለውም።

ከመዘፍዘፍ በፊት

የሚታጠበውን ልብስ መጠን የሚወስነው የሳፋው ስፋት ሳይሆን በረንዳ ላይ ያለው ገመድ ርዝመት ነው። ዝናብ ቢመጣ ተጠልሎ ሊሰጣ ከሚችለው በላይ አይዘፍዝፉ። የሳምንቱን ልብስ ቅዳሜ ጠዋት ቆልሎ ማጠብ ለአዲስ አበባ በጋ ይሆናል፤ እዚህ ግን በየሁለት በየሦስት ቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠብ ይሻላል።

መጀመሪያ ልብሱን ይለዩ፦ ነጩን ለብቻ፣ ጥለት ያለውን የአገር ልብስ ለብቻ፣ ጂንስና ጥቁሩን ለብቻ። አዲስ ልብስ ከሆነ ጠርዙን በውሃ አርሰው ነጭ ጨርቅ ይጫኑበት፤ ጨርቁ ከቀላ ወይም ከጠቆረ ቀለሙ ይለቃልና ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ። ጨው ቀለም ያስይዛል የሚባለውን ብዙ አይመኑት። ፋብሪካ ላይ በደንብ ያልያዘ ቀለም ቤት ውስጥ በእፍኝ ጨው አይታሰርም። ቀለም ለቆ ሌላ ልብስ የነካ እንደሆነ ደግሞ ዋናው ነገር የተነካውን ልብስ አለማድረቅ ነው። እርጥብ እንዳለ ወዲያው በዱቄት ሳሙና ደጋግመው ይጠቡት፤ አንዴ ከደረቀና ካውያ ካረፈበት በኋላ ተስፋው ይመነምናል።

ስለ ውሃው፦ ከቆርቆሮ ጣሪያ በአሸንዳ የሚጠራቀም የዝናብ ውሃ ለልብስ ከሁሉ የተሻለ ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየም ስለሌለበት በጥቂት ሳሙና ብዙ አረፋ ያወጣል። ዝናቡ እንደጀመረ የሚወርደውን ውሃ ግን የጣሪያውን አቧራና ቅጠል ይዞ ይመጣልና ያፍስሱት። የቧንቧ ወይም የምንጭ ውሃ ከዝናብ በኋላ ከደፈረሰ ማታ በበርሚል ቀድተው ይተዉት፤ ጠዋት ከላይ የጠራውን ብቻ ይቅዱ። ነጭ ሸሚዝ ቀስ በቀስ ወደ ቡናማ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ በደፈረሰ ውሃ ስለሚለቀለቅ ነው።

ከዚያም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ዘፍዝፈው፣ ግማሽ ሰዓት አቆይተው አሽተው፣ 2 ሰዓት ሳይሞላ ያስጡ። የረፋዱ ፀሐይ የምታገለግለው ቀድሞ ለተሰናዳ ነው። ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር በተለይ እንደ ቴፒ ባለ ሞቃት ቦታ አይመከርም፤ ሙቀትና እድፍ ያለበት ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ተሐዋስያን ያራባል፣ ልብሱም ገና ሳይታጠብ ይሸታል።

አፈር፣ እርድ፣ ሙዝ፣ ቡና

ቀይ አፈር ቀይ የሆነው በውስጡ ባለው የብረት ዝገት ነው። ጭቃ የነካው ሱሪ ላይ ወዲያው ውሃ ማፍሰስ አፈሩን ወደ ክሩ ውስጥ ይገፋዋል። ይልቅ ይድረቅ፤ ከደረቀ በኋላ በብሩሽ ያራግፉት፤ የቀረውን በቀዝቃዛ ውሃ ያስለቅቁ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ሳሙና ይምጣ። ቀላ ያለ ጥላ ከቀረ ሎሚ ጨምቀውበት ጥቂት ደቂቃ አቆይተው በደንብ ያለቅልቁ። በረኪና እዚህ ላይ አይሠራም፤ እንዲያውም የብረት እድፍን ያጸናዋል። ነጭ ካልሲ ላይ ያለን ቀይ አፈር በበረኪና ለማስለቀቅ መሞከር በየቤቱ የሚደረግ ከንቱ ድካም ነው።

እርድ ግን ያስገርማል። ቴፒ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል ያለባት ከተማ ናት፤ በየኪ ወረዳና በዙሪያው እርድ የሚቀቅልና የሚያሰጣ ቤተሰብ ብዙ ነው፣ ቢጫ ያልነካው ልብስም አይገኝም። ቢጫው ላይ ሳሙና ሲያሹበት እድፉ በአንድ ጊዜ እንደ ደም ይቀላል። ብዙ ሰው ይደነግጣል፣ ልብሱ የተበላሸ ይመስለዋል። የተበላሸ ነገር የለም። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን የሚባል ቀለም ሳሙና ሲነካው ይቀላል፣ ሎሚ ወይም አቼቶ ሲነካው ደግሞ ወደ ቢጫ ይመለሳል። ማንኛቸውም ግን ከልብሱ አያወጡትም። የሚያወጣው ፀሐይ ነው፤ ይህ ቀለም ብርሃን አይችልም። ስለዚህ ልብሱን በዱቄት ሳሙና አጥበው፣ አለቅልቀው፣ እድፉ ወደ ፀሐይ እንዲዞር አድርገው ያስጡ። አንድ ቀን ካልበቃው ደግመው አርሰው ያስጡት። በደመና ወራት ሥራው ይረዝማል፣ ግን ይወጣል። ይኸው መላ በእርድ የተሠራ አልጫ ለፈሰሰበት የጠረጴዛ ልብስም ይሆናል፤ በቅድሚያ ግን ዘይቱን በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ማስለቀቅ ያስፈልጋል።

ሙዝ ከሁሉም የከፋ ነው። ከተቆረጠ ግንድ ወይም ከዘለላው አንገት የሚንጠባጠበው ውሃ ልብስ ላይ ሲያርፍ ቀለም የለውም፣ ማንም ልብ አይለውም። አየር ሲያገኘው ግን ይጠቁራል፤ የተላጠ ድንች እንደሚጠቁረው ማለት ነው። ከጠቆረ በኋላ ከባለቀለም ልብስ የሚያስለቅቀው የቤት ውስጥ ዘዴ የለም ማለት ይቻላል፤ ነጭ ጥጥ ከሆነ በረኪና ሊያደበዝዘው ይችላል። ስለዚህ ያለው ጊዜ አጭር ነው፦ የነካውን ቦታ እርጥብ እንዳለ ብዙ ውሃ ያፍስሱበት፣ ሎሚ ይጭመቁበት፣ ሳያደርቁ ይጠቡት። ከዚህም የሚሻለው ለሙዝ ቆረጣ የተለየ አሮጌ ሸሚዝ መመደብ ነው። የባለሙዝ ቤት ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ ጥቁር ነጠብጣብ የሞላበት ሸሚዝ አለው፤ በዚያ ማፈር አይገባም፣ ሌላውን ልብስ ያተረፈው እሱ ነው።

የተፈላ ቡና ሲፈስ ወዲያው ከጨርቁ ጀርባ በኩል ቀዝቃዛ ውሃ ያውርዱበት፤ ከፊት ከወረደ ወደ ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ የዱቄት ወይም የፈሳሽ ሳሙና ይጠቀሙ። ደረቅ ሳሙና በቀጥታ ማሸት የቡናንና የሻይን እድፍ ያጸናል፤ ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው። በለቀማ ወቅት የእሸት ቡና ጭማቂ የነካው ልብስ ደግሞ ስኳር ስላለበት ሲቆይ ቡናማ ይሆናል፣ ጉንዳንም ይጠራል፤ በዚያው ማታ ቢያንስ በውሃ ለቅለቅ ይደረግ። ወተት ያለበት ማኪያቶና ደም ሙቅ ውሃ አይንካቸው፤ ይበስሉና ይጣበቃሉ።

ሳሙናውን ይቀንሱ

ልብስ ከደረቀ በኋላ ግትር ካለ፣ ጥቁሩ ላይ ነጭ መስመር ከታየ፣ አንገት አካባቢ ካሳከከ፣ ሳሙናው አልወጣም ማለት ነው። በዝናብ ውሃ ለሚያጥብ ሰው በአገሪቱ ደረቅ አካባቢ የለመደው መጠን ይበዛበታል። በግማሽ ይጀምሩ፣ አረፋ ካነሰ ብቻ ይጨምሩ። ሁለት ጊዜ ያለቅልቁ፤ ሁለተኛው ውሃ ውስጥ ልብሱን ሲጨምቁት አረፋ ከወጣ ሦስተኛ ያስፈልጋል። የቀረ ሳሙና እርጥበት ይይዛል፣ አቧራ ይስባል፣ ልብሱም ቶሎ አይደርቅም።

ገመዱ

ለማድረቅ ከፀሐይ ቀጥሎ የሚረዳው ነፋስ ነው፤ በዚህ አገር እንዲያውም ነፋሱ ይበልጥ ይታመናል። ገመዱን ከጣሪያ ክፈፍ ሥር፣ ነፋስ ከሁለት በኩል በሚያልፍበት ቦታ ይዘርጉ። ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ክንድ ይራቅ፤ ጭቃ ግድግዳ ራሱ እርጥበት ይተፋል።

ከጨመቁ በኋላ ወፍራሙን ልብስ በደረቅ ፎጣ ጠቅልለው በጉልበት ይጫኑት። ይህ አንድ እርምጃ ብቻ የማድረቂያውን ጊዜ በሰዓታት ያሳጥራል። ጂንስ ይገልበጥ፣ ኪሱ ይውጣ፣ በወገቡ በኩል ተከፍቶ ይሰቀል። ሸሚዝ በመስቀያ ይንጠልጠል። በልብስና በልብስ መካከል የእጅ መዳፍ ያህል ክፍተት ይኑር፤ አንዱ በሌላው ላይ የተደራረበ ልብስ ጠርዙ ደርቆ መሐሉ ይሸታል። እኩለ ቀን ላይ ወጣ ብሎ ማገላበጥ ትንሽ ሥራ ቢመስልም ትልቅ ዋጋ አለው።

ዝናቡ ለቀናት ካላባራ ልብሱን ማዕድ ቤት ውስጥ ምድጃ ላይ መስቀል የተለመደ ነው። ጭስ የጠጣ ልብስ ግን ተመልሶ መታጠቡ አይቀርም። ከሰል አንድዶ ዝግ ክፍል ውስጥ ማድረቅ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከር፤ የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ተኝቶ ያለን ሰው ይገድላል። መስኮት ከፍቶ በትንሽ ፋን ማድረቅ፣ መብራት ካለ፣ ከሁለቱም ይሻላል። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያለው ሰው መብራት ሲሄድ ልብሱን ከውስጥ አውጥቶ ይጭመቅ፤ ማሽን ውስጥ ያደረ እርጥብ ልብስ ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፎ ካደረው አይለይም። የማሽኑ በርም ከሥራ በኋላ ክፍት ይደር።

የመጨረሻው ማድረቂያ ካውያ ነው። በእጅ ሲነካ ደረቅ የሚመስል ልብስ በስፌቱና በወገቡ እርጥበት ይይዛል፤ ካውያ ያንን ያወጣል። ሌላም ጥቅም አለው። በሞቃትና እርጥብ የአፍሪካ አካባቢዎች ቱምቡ የምትባል ዝንብ በጥላ ሥር ወይም መሬት ላይ በተሰጣ እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው ትል ቆዳ ውስጥ ገብቶ እብጠት ይፈጥራል። የጋለ ካውያ እንቁላሉን ይገድላል። ልብስ ሣር ላይና ቁጥቋጦ ላይ ማስጣትን መተው፣ በተለይ የሕፃን ልብስንና የውስጥ ልብስን በሁለቱም ወገን መተኮስ ይገባል።

የሸተተና የሻገተ

እርጥብ ልብስ የሚሸተው ባክቴሪያ ሲራባበት ነው። የዚህ ሽታ ዋና አምራች ሞራክሴላ ኦስሎኤንሲስ የሚባለው ሲሆን መድረቅን ስለሚቋቋም በተራ እጥበት አይሄድም፤ ልብሱ ደርቆ ሽታው የጠፋ ይመስላል፣ በላብ ሲርስ ግን ይመለሳል። መፍትሔው ሙቀት ነው። የጥጥ ልብስ ከሆነ እጅ የማይችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ በሳሙና ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ ይለቅለቅና በፍጥነት ይድረቅ። ሽቶ መርጨት ሽታውን ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ ሻጋታን መጀመሪያ ከቤት ውጭ በደረቁ ያራግፉ። ነጭ ጥጥ ከሆነ በ5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አንድ ሲኒ በረኪና ጨምረው 10 ደቂቃ ይዘፍዝፉ፣ ከዚያ ደጋግመው ያለቅልቁ። ሱፍ፣ ሐርና ባለቀለም ልብስ በረኪና አይንካው፤ ለእነሱ ሎሚና ፀሐይ ይሞከር። በረኪናንና ሎሚን፣ ወይም በረኪናንና አቼቶን ግን በአንድ ሳፋ አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ወንዝ ዳር ለሚያጥቡ

ወንዝ ውስጥ ቆሞ ማጠብ ለቢልሃርዚያ ያጋልጣል፤ ትሉ በቆዳ ነው የሚገባው። ውሃውን በጀሪካን ቀድቶ ዳር ላይ በሳፋ ማጠብ ይሻላል፤ እጣቢውም ወደ ወንዙ ሳይሆን ወደ መሬት ይፈስሳል። በዚህ ጉዳይ የእንዶድ ታሪክ የኛው ነው፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ፤ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንዶድ እንደሚገድል የታወቀው ከዚያ ነው። ነጠላና ጋቢ በእንዶድ የሚያጥብ ሰው ዛሬም አለ፣ ጥጡን አይጎዳውም፤ ዓሣንም ስለሚገድል ግን እጣቢው ወንዝ አይግባ።

ጋቢ የራሱ ቀን ያስፈልገዋል። ውሃ ሲጠጣ ከባድ ነው፣ በዝናብ ወራት ሁለት ሦስት ቀን ሳይደርቅ ይቆያል፣ በዚያው ይሸታል። በሐምሌ አይታጠብ፤ ነጠብጣብ ካለው ያችኑ ቦታ ብቻ አጥበው ያናፍሱት። ዋናው እጥበት ለታኅሣሥ ይቆይ፦ ጠዋት ታጥቦ፣ ሳይጠመዘዝ በእጅ ተጨምቆ፣ በሁለት ገመድ ላይ ተዘርግቶ፣ ጥለቱ ወደ ታች ሆኖ ይሰጣ። ከደረቀም በኋላ ወዲያው አይታጠፍ፤ የፀሐዩ ሙቀት እስኪወጣለት ጥላ ውስጥ ይቆይና ከግድግዳ በራቀ ቁም ሳጥን፣ በላስቲክ ሳይሆን በንጹሕ አንሶላ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።