ፊትን መለየት፣ ቍጥርን መያዝ

ይህ ትምህርት ስለ ገላጭ ድርሰት ነው። ምንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት 7፣ 4፣ 9፣ 2፣ 6 የተባሉትን ቍጥሮች በቃላችሁ ያዙ፤ በወረቀት ላይ አትጻፏቸው።

የሰው አንጎል ሲሠራ ደካማ የኤሌክትሪክ ኀይል ያመነጫል። ይህም ከራስ ቆዳ ላይ ሲለካ በቮልት ሚሊዮንኛ የሚቈጠር ነው። ኀይሉን ከሰው ራስ ለመጀመሪያ ጊዜ በመሣሪያ የመዘገበው ሐንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1924 ነበር። ያየው ነገር ከሌላ ምክንያት የመጣ እንዳይሆን ስለ ሠጋ፣ ውጤቱን ያሳተመው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ዐይኑን ጨፍኖ ያረፈ ሰው ሞገድ በሰከንድ ዐሥር ጊዜ ያህል ይመላለሳል፤ ዐይኑን ሲገልጥ ግን ይደክማል።

ሰው ፊት ባየ ጊዜ፣ ከ0.17 ሰከንድ ገደማ በኋላ በራሱ የኋላ ጎን አንድ ሞገድ ይነሣል። ወንበር ወይም መኪና ባየ ጊዜ ይኸው ሞገድ ደከም ያለ ነው። ቍጥር ይዞ እንዲቈይ በታዘዘ ጊዜ ደግሞ በግንባሩ በኩል በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚመላለሰው ሞገድ ይበረታል፤ የሚያዘው ቍጥር ሲበዛ ብርታቱም ብዙውን ጊዜ ይጨምራል። በአእምሮ ይዞ መሥራት ወሰን ስላለው፣ ሸክሙ የከበደበት ሰው ከፊቱ የቆመውን ሰው ስሜት ሊስት ይችላል።

ገበያ የተላከ ልጅን አስቡ። የስኳሩን፣ የዘይቱንና የሳሙናውን ዋጋ እየደመረ ሲሄድ ፊቱ የጠቈረ ጓደኛውን ያገኛል፤ «ደኅና ዋልህ?» ብሎት ያልፋል። ጓደኛው እናቱ ታማበት ነበርና፣ «እንኳን ሊጠይቀኝ ቀና ብሎም አላየኝ» ብሎ ይቀየማል። ዐይቶታል፤ ነገር ግን ልቡ ከሒሳቡ ጋር ነበር።

አሁን ወደ አጻጻፉ እንመለስ። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ሀ. ሞገዱ ከፍ በማለቱ ልጁ እንደ ፈራ ታወቀ።
ለ. ልጁ የፈራ ሰው ሥዕል ባየ ጊዜ ሞገዱ ከፍ አለ።

በ«ለ» ውስጥ «ባየ ጊዜ» የሚለው ሐረግ ጊዜን ብቻ ያመለክታል፤ መሣሪያው የመዘገበውም ይህንኑ ነው። በ«ሀ» ግን «በማለቱ» ምክንያትን ያስገባል፤ «ታወቀ» የሚለው ተደራጊ ግሥም ዐዋቂው ማን እንደ ሆነ ይሸሽጋል። ማን ዐወቀ? መሣሪያው ሞገድን እንጂ ፍርሃትን አይመዘግብም። የፈራ ሰው ፊት ያየ ልጅ ራሱ ላይፈራ ይችላል። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ «ሀ»ን የሚመርጡት ስለሚያምር ነው፤ በእርግጥም ያምራል። ዳሩ ግን እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በሕሙማን መዝገብ ቢጻፍ ወይም በዳኛ ፊት ቢቀርብ፣ ያልፈራው ፈራ፣ ያልዋሸው ዋሸ ይባላል።

መልመጃ

1. የሰውን ፊት አይታችሁ ስሜቱን የተሳሳታችሁበትን አንድ ጊዜ በአንድ አንቀጽ ግለጹ። ያያችሁትን በ«…ጊዜ»፣ የገመታችሁትን «መሰለኝ» በሚለው ግሥ ጻፉ፤ «ታወቀ» የሚለውን አትጠቀሙ።
2. ወደ ላይ ሳትመለከቱ፣ በመጀመሪያ የያዛችኋቸውን አምስት ቍጥሮች በቅደም ተከተላቸው ጻፉ።