ስለ ዳሊያ አበባ አተካከልና አያያዝ

ባለፈው ዓመት ከመኝታ ቤታችን ፊት ለፊት 12 የዳሊያ ሥሮች ተክለን የበቀሉት 4 ብቻ ነበሩ። ስሕተታችንን ከአትክልተኛው ተረድተናልና፥ ጓደኞቻችን እንዳይደግሙት ትምህርቱን ባጭሩ እናቀርባለን።

የዳሊያ የትውልድ አገሩ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ደጋ ነው። ስሙም በ1791 እ.ኤ.አ. ለስዊድናዊው የዕፀዋት ሊቅ ለአንደርስ ዳል መታሰቢያ የተሰጠ ነው። ደገኛ ስለ ሆነ የአዲስ አበባ አየር ይስማማዋል፤ ውርጭና ውሃ የሚቋጥር መሬት ግን ይጎዱታል።

የመጀመሪያው ስሕተታችን ሥሩን እንደ ድንች መቍጠራችን ነው። ድንች በገላው ሁሉ ዓይን ስላለው ተቆራርጦም ይበቅላል። የዳሊያ ዓይን ግን የሚገኘው ሥሩ ከአሮጌው ግንድ በሚጋጠምበት በአንገቱ ላይ ብቻ ነው። እኛ ወፍራም ወፍራሙን እየመረጥን፥ ከአንገቱ እየሰበርን ተከልን። ዓይን የሌለው ሥር የቱን ያህል ቢወፍር አይበቅልም፤ ዓይን ያለው ቀጭን ሥር ይሻላል።

ሁለተኛው ስሕተት ጧትና ማታ ውሃ ማጠጣታችን ነው። ሥሩ ስንቁን በውስጡ የያዘ ስለ ሆነ፥ ቡቃያው ብቅ እስኪል ድረስ ርጥብ አፈር ይበቃዋል፤ ውሃ ሲበዛበት ይበሰብሳል።

እንግዲህ ትክክለኛው አተካከል ይህ ነው። ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ መደቡን ከፍ አድርጎ የበሰለ ፍግ መቀላቀል፤ ሥሩን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፥ ዓይኑን ወደ ላይ አድርጎ መትከል፤ በመካከላቸውም 60 ሳንቲ ሜትር ያህል መተው ነው። ለረጃጅሞቹ ደጋፊ እንጨት የሚተከለው ያን ጊዜውኑ ነው፤ በኋላ ቢተከል ሥሩን ይወጋል። ቡቃያው 3 ወይም 4 ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉ ቢቀነጠስ ቅርንጫፉም አበባውም ይበዛል።

መደብ የሌለው ሰው አጫጭሮቹን ዓይነቶች ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ዕቃ ሊያሳድግ ይችላል። ቂጡ ያልተበሳ ጣሳ ግን ለዳሊያ መቃብር ነው። በዕቃ ያለው ቶሎ ስለሚደርቅ፥ ካደገ በኋላ አፈሩን በጣት እየዳሰሱ ማጠጣት ያስፈልጋል።

ያለፈበት አበባ ሲቆረጥ ተክሉ ሌላ ያወጣል። አዲሱ እምቡጥ ክብ፥ ያለፈበት ግን ሾጣጣ ስለ ሆነ፥ ሳይለዩ መቍረጥ አይገባም። ቅጠሉ ሲደርቅ ሥሩ ተቆፍሮ በደረቅና ጥላ ባለው ቦታ ይቀመጣል።

እኛም ከአራቱ ያገኘነውን ሥር ዓይኑን እያየን ከፍለን አስቀምጠናል። መደቡን ቆፍሮ ለሚመጣ ጓደኛ እናካፍላለን።