በሁለት እሑዶች መካከል፦ ፍራንክፈርትንና ሮትን ለማገናኘት ከመወሰንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በ2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2025)፣ ሰኔ 22 ቀን እሑድ፣ ፍራንክፈርት ላይ አይረንማን የተባለው የትራያትሎን ውድድር ነበር። በሳምንቱ ሰኔ 29 ደግሞ ከኑረንበርግ በስተደቡብ ባለችው ትንሽ ከተማ በሮት፣ ቻሌንጅ ሮት ተካሄደ። የሁለቱም ርቀት አንድ ነው፦ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ በላዩ ላይ ሙሉ ማራቶን። ከፍራንክፈርት ኑረንበርግ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ብስክሌቱን በሳጥን አሽጎ ከስቶክሆልም ወይም ከለንደን ለሚመጣ ሐበሻ፣ ይልቁንም ከአዲስ አበባ ስንት ደጅ ጠንቶ ቪዛ ላገኘ ሰው፣ «አንዴ ከመጣሁ አይቀር» የሚለው ሐሳብ ቶሎ ይመጣል።

ይህን ያሰቡ ሰዎች ሲያማክሩኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «በመካከል ባለው ሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር ልሥራ?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ መልሼ «የሚያድሩበት ቤት ስንት ደረጃ አለው?» እላለሁ። ቀልድ ይመስላቸዋል። በዚያ ሳምንት አቅም አይገነባም፤ ሰባት ቀን ለዚያ አይበቃም። የሚደረገው የተጎዳውን አካል ማስታመም ብቻ ነው፤ ማስታመም ደግሞ የሚጀምረው ከአልጋ ነው። ስለዚህ አልጋው ይቅደም፤ ልምምዱ አልጋው ያለበትን ቦታ ተከትሎ ይመጣል።

ቀኑ በየዓመቱ አንድ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ2023 ሮት ቀድሞ ፍራንክፈርት ተከተለ። በ2024 ፍራንክፈርት ወደ ነሐሴ አጋማሽ ተዛውሮ ስለነበር ሁለቱን በአንድ ሳምንት ማገናኘት የማይታሰብ ሆነ። የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የሁለቱንም ቀን ከየራሳቸው አዘጋጅ ያረጋግጡ። አዘጋጆቹ ለየቅል ናቸው፤ እንዲያውም የቆየ ፉክክር አላቸው። እስከ 2001 ድረስ የአይረንማንን ስም ይዞ የነበረው ሮት ነው። በ2002 ስሙ ወደ ፍራንክፈርት ሲሄድ ሮት ቻሌንጅ ተብሎ በራሱ መንገድ ቀጠለ። አንዱ ለሌላው እንግዳ ይመቸው ብሎ ቀን ያስተካክላል ብለው አይጠብቁ።

የሮት ምዝገባም ሌላ ጉድ ነው። የግል ተወዳዳሪዎች ቦታ በኢንተርኔት ሲከፈት በደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ቦታው እጅዎ ሳይገባ የሮትን አልጋ በማይመለስ ገንዘብ አይያዙ።

ሁለተኛው እሑድ ላይ ምን ሊያደርጉ ነው?

እዚህ ላይ አልሸፋፍንም፦ በሰባት ቀን ልዩነት ሁለት ሙሉ ርቀት ለአብዛኛው የሥራ ሰው አይመከርም። የሚያደርጉት አሉ፤ ስማቸውን እያነሳ «እነሱስ?» የሚል ሰው ግን እነሱ ስንት ዓመት እንደደከሙበት አይናገርም። ዋናውና ብስክሌቱ ያደክማሉ እንጂ ጡንቻን ክፉኛ የሚጎዳው ሩጫው ነው። እግር አስፋልቱን በረገጠ ቁጥር ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደት ይሸከማል፤ ማራቶኑ ሲያልቅ ጭን ውስጥ የቀረው ጥቃቅን መቀደድ ነው። ሕመሙ የሚብሰውም በማግስቱና በሠልስቱ ነው። ሕመሙ ዓርብ ላይ ስለጠፋ ጡንቻው ድኗል ማለት አይደለም።

እኔ የምወደው መፍትሔ የሮት ዱላ ቅብብል ነው። ሦስት ሰው አንድ ቡድን ይሆናል፦ አንዱ ይዋኛል፣ አንዱ ይጋልባል፣ አንዱ ይሮጣል። ዱላው ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ቺፕ ነው። ፍራንክፈርትን በጨረሱ በሳምንቱ ዋናውን ይውሰዱ። ውኃ ክብደት ይሸከማል፣ የቆሰለ ጭን አይደበድብም፣ 3.8 ኪሎ ሜትሩም ቢሆን ረጋ ብለው ከያዙት ይዘለቃል። ብስክሌቱ ሁለተኛ ምርጫ ነው። ሩጫውን ግን በፍራንክፈርቱ እሑድ ቤቱ ለተቀመጠ ጓደኛ ይተዉ። የቅብብል ቦታም ቶሎ ስለሚያልቅ ቡድኑን ክረምት ሳይገባ ሳይሆን ዓመቱ ሳይዞር ያሰባስቡ።

ተቃራኒውም ይሠራል፦ ፍራንክፈርትን ትቶ በሮት አቅራቢያ አጭር ርቀት ሠርቶ በሳምንቱ ሙሉውን መግጠም። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው እሑድ እንደ ጠንካራ ልምምድ ስለሚቆጠር ከዚህ በታች ያለው የሳምንቱ አካሄድ ይለዘባል።

አልጋው

አንድ ጊዜ አራተኛ ፎቅ ላይ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ተከራይቼ ነበር። ፎቶው ላይ መስኮቱ ያምራል። ከውድድሩ ማግስት ጠዋት ያንን ደረጃ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ በሁለት እጄ ድጋፉን ይዤ፣ የኋሊት እየሄድኩ ወረድኩ። አንዲት አሮጊት የገበያ ቦርሳቸውን ይዘው በአጠገቤ አለፉኝና ቆም ብለው አዘኑልኝ። ሌሊቱንማ ተዉት፤ ብዙ የጀርመን መኖሪያ ቤት አየር ማቀዝቀዣ የለውም፣ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ደግሞ የቀኑን ሙቀት እስከ እኩለ ሌሊት ይዞት ያድራል። በሰኔ መጨረሻ እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የምትወጣው ገና ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ብርሃን የሚከለክል መዝጊያ የሌለው መስኮት ሲደመርበት እንቅልፍ የለም።

ስለዚህ አከራዩን ሲያነጋግሩ ስለ ዋይፋይ ከመጠየቅዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ። ምድር ቤት ነው ወይስ ሊፍት አለ? መስኮቱ ይጨልማል? ብስክሌት ክፍል ውስጥ ማስገባት ይፈቀዳል? (ብዙዎች ግቢ ውስጥ ይቁም ይላሉ፤ በሺዎች ዩሮ የተገዛ ብስክሌት ግቢ አያድርም።) ማብሰያና ማቀዝቀዣ አለ? ልብስ ማጠቢያ ማሽንስ? ርጥብ ዌትሱት ጥላ ውስጥ የሚሰጣበት ቦታ አለ? ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ቤቱ ጸጥ ማለት እንዳለበትም አይርሱ፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የብስክሌት ሳጥን እየጎተቱ ሲወጡ ጎረቤት ቢቆጣ እውነት አለው።

ቦታውን የሚወስነው ሮት ላይ የያዙት ድርሻ ነው። ዋናው ያለው በማይንና በዳኑብ ወንዞች መካከል በተቆፈረው ቦይ ውስጥ፣ ሂልፖልትሽታይን አጠገብ ነው። ለዕለቱ መርከብ አያልፍበትም። ከብስክሌት ወደ ሩጫ የሚቀየረው ግን ሮት ከተማ ውስጥ ነው። ዋናተኛ ከሆኑ በሂልፖልትሽታይን ወይም በአለርስበርግ በኩል ይደሩ፤ ሮትዜ የተባለው ሐይቅ እዚያው ስለሆነ የሳምንቱ ዋና ከበርዎ ላይ ይሆንልዎታል። ሯጭ ከሆኑ ሮት ወይም በባቡር መስመሩ ላይ ያለችው ሽቫባህ ትሻላለች። ኑረንበርግ ሆቴል ሞልቷል፣ የከተማ ባቡሩም ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ ነገር ግን ውድድሩ የሚጀምረው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነና መንገዶች ለብስክሌት ስለሚዘጉ የኑረንበርግ አልጋ የእሑድን እንቅልፍ ከግማሽ በላይ ይበላል። ሮት ወደ 25,000 ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት፤ በዚያ ሳምንት የሰው ሳሎን ሳይቀር ይከራያል። ድንኳን አልመክርም፤ ለቡድኑ ሯጭ ይሁን፣ ለእርስዎ ግን አይሆንም።

መቼ ይዛወሩ? ማክሰኞ። ሰኞ ሻንጣ የሚያነሳ ሰው በሽተኛ ሆኖ ያነሳል። እስከ ሐሙስ ድረስ ፍራንክፈርት ከቆዩ ደግሞ አዲስ አልጋ የሚለምዱበት ሌሊት ያንሳል። ማክሰኞ ገብተው እስከ ቀጣዩ ሰኞ ጠዋት አንድ አልጋ ላይ ይደሩ። እስከ ሰኞ ያልኩት በምክንያት ነው፤ እሑድ ጠዋት ቁልፍ አስረክበው ማታ ማደሪያ ያጡ ብዙ ናቸው።

ብስክሌቱን በተመለከተ፦ በፈጣኑ ባቡር ላይ ለብስክሌት ቀድሞ ቦታ መያዝ ግድ ነው፣ ከነጭራሹ የማይቀበሉ ባቡሮችም አሉ። ተፈታቶ በቦርሳ ከታሰረ እንደ ሻንጣ ይቆጠራል። ቀርፋፋዎቹ የክልል ባቡሮች በብስክሌት ትኬት ይቀበላሉ፣ ግን መሰላቸት አለ። ሦስት ሆናችሁ መኪና መከራየት ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ሰባቱ ቀን

ሰኞ ምንም የለም። ማክሰኞ ከጉዞው በኋላ ሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ። ረቡዕ ሐይቅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት፣ እየተንሳፈፉ ያህል። ሐሙስ ብስክሌት ላይ ከአንድ ሰዓት ያነሰ፣ ሜዳ ሜዳውን፣ በቀላል ማርሽ። ዓርብ ዕረፍትና ምዝገባ። ቅዳሜ ዌትሱት ለብሰው አሥራ አምስት ደቂቃ፣ በመካከሉ ጥቂት ፈጠን ያሉ ርቀቶች። ሩጫ የለም። ሩጫ ካልሠራሁ ያመኛል የሚል ካለ፣ ያመዋል እንጂ ምን ይደረጋል።

ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ የልብ ምትዎን ይቁጠሩ። ከወትሮው በአሥር ያህል ከፍ ብሎ ሐሙስም ዓርብም ካልወረደ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም ሕመሙ አንድ እግር ላይ ብቻ ከበረታ ለቡድኑ ይንገሩ። ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ግን ስለ ውድድር የሚነጋገሩበት ሰዓት አይደለም፤ የፈረሰ ጡንቻ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል የዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ይሂዱ። ሕመም ለማስታገስ ኢቡፕሮፌን እየዋጡ መሰንበትም ለዚያው ለኩላሊት ጥሩ አይደለም።

የሰኔ ጾም

ይህ የኛ ሰዎች ብቻ የሚገጥማቸው ነገር ስለሆነ የውጭ አሠልጣኝ የጻፈልዎ ዕቅድ ላይ አያገኙትም። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፤ ሁለቱም እሑዶች ጾሙ ውስጥ ይወድቃሉ። ለሚጾም ሰው የወተቱም የዕንቁላሉም የዶሮውም ምክር አይሠራም። ምሳውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚያቆይ ከሆነ ደግሞ ከንስሐ አባቱ ጋር አስቀድሞ መነጋገር አለበት፤ ከጀርመን ሆኖ በስልክ ሳይሆን ገና ሲመዘገብ።

ምግቡ ራሱ አያስቸግርም። ውድድሩ ካለቀ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት በየሰዓቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት አንድ ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል። 70 ኪሎ ለሆነ ሰው በሰዓት 250 ግራም የበሰለ ሩዝ ይበቃል ማለት ነው። ሩዝ፣ ድንች፣ ሙዝ፣ ፓስታ ሁሉም የጾም ነው። በሶም አለ፤ ሁለት ኪሎ በሶ የያዘ ሰው ሰኞ ጠዋት ማብሰል አይጠበቅበትም። ለጡንቻው የበሰለ ምስር ሦስት መቶ ግራም ቢበሉ 27 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ሽሮውንና ምስሩን እስከ ሐሙስ ይጥገቡ፤ ከዓርብ ጀምሮ ወደ ሩዝና ድንች ይዙሩ፣ በርበሬውም ይቆይ፤ አለበለዚያ ቦዩ ውስጥ ሆድዎ ያስቸግርዎታል። ጾመኛ ላልሆነው ደግሞ፦ ቋንጣና ቅቤ ከአዲስ አበባ ይዘው አይምጡ፤ የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ አገር በሻንጣ የሚገባ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ስለሚከለክል ጉምሩክ ይወስድብዎታል።

ሮት ባለችበት በባቫሪያ ክልል ሱቆች ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ይዘጋሉ፣ እሑድ ጭራሽ አይከፈቱም። የሁለቱን እሑዶችና የሰኞ ጠዋትን ምግብ በየዋዜማው ቅዳሜ ይግዙ።

ጥቂት ቀሪ ነገሮች

የጉዞ ኢንሹራንስዎን ውል ያንብቡ፤ ውድድርን የማይሸፍን ብዙ ነው። ፍራንክፈርት ላይ የሚዋኙበት የላንገን ሐይቅ በሞቃት ዓመት ውኃው ከ24.5 ዲግሪ ካለፈ ዌትሱት ይከለከላል፤ ያለ ዌትሱት ለመዋኘት ተዘጋጅተው ይምጡ። ቪዛዎ የመጨረሻውን ሰኞ ጨምሮ ይሸፍን።

ዋናተኛው እርስዎ ከሆኑ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ከረጢት ይኑርዎት። ቺፑን ለብስክሌተኛው አስረክበው ሲወጡ ሂልፖልትሽታይን ላይ ባዶ እግርዎን፣ ውኃ የሚንጠባጠብ ዌትሱት ለብሰው ነዎት፤ ቡድኑ የሚጨርሰው ከሰዓታት በኋላ ሮት ላይ ነው፣ መኪናው ደግሞ በተዘጋ መንገድ ማዶ ቆሟል። ከረጢቱ ውስጥ ጫማ፣ ደረቅ ልብስ፣ ለባቡር የሚሆን ገንዘብ፣ ሙዝ፣ ከሁሉም በላይ የቤቱ ቁልፍ ይኑር። ቁልፉን ሯጩ ኪስ ውስጥ አይተዉት።