ሌዋዊው ወዴት ይሄድ ነበር?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በዚህ ዓለም ሲያስተምር ሰማያዊውን ምሥጢር የገለጠው ሰዎች በየዕለቱ በሚያዩትና በሚዳስሱት ነገር ነበር። ዱቄት የምታቦካ ሴት፣ ዘር ለመዝራት የወጣ ገበሬ፣ የጠፋባትን ገንዘብ ለማግኘት መብራት አብርታ ቤቷን የምትጠርግ እናት፣ እነዚህ ሁሉ በወንጌል ውስጥ የትምህርት ምሳሌ ሆነዋል። እንግዲህ እኛም ወንጌሉን ይዘን ወደ ቤታችን፣ ወደ ትምህርት ቤታችንና ወደ መንገዳችን ብንመለከት፣ ምሳሌው ዛሬም በፊታችን እንደሚፈጸም እናያለን።

ለዛሬው ትምህርት የመረጥነው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ከቁጥር 25 እስከ 37 ያለውን የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነው። ይህን ምሳሌ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ለታናናሾቻችንም አስተምረነዋል። ይሁን እንጂ ባለፈው ዐቢይ ጾም በእኛ በራሳችን ጥፋት የሆነ አንድ ነገር እንደ ገና እንድናነበው አስገደደን። ታሪኩ የሚያስመሰግነን አይደለም። ቢሆንም ከእኛ ስሕተት ሌላው ይማርበት ብለን ለመጻፍ ተስማምተናል።

1. የሆነው ነገር

በዩኒቨርሲቲ አብሮን የሚማር አንድ ዓይነ ስውር ወንድም አለን። ብሬል ያነባል፣ ይጽፋልም። ነገር ግን መምህራኖቹ የሚሰጡት ሃንድ አውት በብሬል አይገኝምና ሌላ ሰው እያነበበለት እርሱ ማስታወሻ ይይዛል፤ ወይም ድምፁን በስልኩ ቀርጾ ሌሊት ያዳምጠዋል። እኛ በአንድ ሰዓት ጨርሰን የምንነሣውን ጽሑፍ፣ እርሱ የሚያነብለት ሰው እስኪያገኝ ድረስ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል።

በጾሙ መግቢያ ስለ በጎ አድራጎት ተምረን ነበርና ልባችን ተነሣሥቶ፣ ሦስታችን ወደ እርሱ ሄደን «በየቅዳሜው ከቀኑ 8 ሰዓት ቤተ መጻሕፍት እየመጣን እናነብልሃለን» አልነው። እጅግ ደስ አለው። ሁለት ቅዳሜ እንደ ቃላችን አነበብን። ሦስተኛው ቅዳሜ የመጻጉዕ ሰንበት ዋዜማ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ የደብረ ዘይት ዕለት ለምናቀርበው መዝሙር ተጨማሪ ጥናት ተጠርቶ ስለነበረ፣ ሦስታችንም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አንደኛችን «ሁለተኛው አይቀርበትም» ብሎ አሰበ፤ ሁለተኛው «ሦስተኛው ይሄድለታል» አለ፤ ሦስተኛው ጭራሽ ረሳው። በጥናት ጊዜ የስልክ ድምፅ ማጥፋት ደንባችን ነውና ስልኮቻችን በየኪሳችን ዝም ብለው ነበር። ከምሽቱ 12 ሰዓት ስንወጣ ግን አራት ጊዜ ደውሎ እንደነበረ አየን። ወንድማችን ሰኞ ጠዋት ፈተና ነበረበት።

ያን ጊዜም ቢሆን አልደወልንም። «መሽቷል፤ ነገ ይቅርታ እንጠይቀዋለን» ተባባልን። እውነቱን እንናገር ከተባለ አፍረን ነበር።

በማግሥቱ በቅዳሴ ላይ የዕለቱ ወንጌል ተነበበ፤ ይኸውም የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመው መጻጉዕ ለጌታችን የሰጠው መልስ፣ ውኃው በሚናወጥበት ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው የሚገልጽ ነበር። እኛ ሦስታችን በዚያች ሰዓት አንገታችንን ደፋን፤ እርስ በርሳችንም ለመተያየት አልደፈርንም።

ከቅዳሴ በኋላ ስንሄድ ወንድማችንን ቤተ መጻሕፍት አገኘነው። ብቻውን አልነበረም። አጠገቡ አንድ ልጅ ተቀምጦ ሃንድ አውቱን ያነብለታል። ይህ ልጅ እምነቱ ከእኛ የተለየ ነው። በዶርም ስለ ሃይማኖት ክርክር በተነሣ ቁጥር እኛ ብዙ ሆነን፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን የምናሳፍረው እርሱን ነበር። ቅዳሜ ሲመሽ ወንድማችንን በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ወረቀቱን ታቅፎ ተቀምጦ አየው፤ ጠየቀው፤ ቤተ መጻሕፍቱ እስኪዘጋ ድረስ አነበበለት፤ የቀረውንም ለመጨረስ እሑድ ጠዋት ተመልሶ መጣ።

ይቅርታ ስንጠይቀው ወንድማችን እንዲህ አለን፦ «አልተቀየምኩም። ግን እንደማትመጡ በጊዜ ብትነግሩኝ ሌላ ሰው እለምን ነበር። እናንተን ስጠብቅ ነው የመሸብኝ።»

2. የኢያሪኮ መንገድ

እንግዲህ ምሳሌውን እንደ ገና እንመልከት። አንድ ሰው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች አገኙት፤ ልብሱን ገፈፉት፤ ደብድበውም በሞትና በሕይወት መካከል ጥለውት ሄዱ። «ሲወርድ» መባሉ በእርግጥ ቁልቁለት ስለሆነ ነው። ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተሠራች ከተማ ስትሆን፣ ኢያሪኮ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች 250 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ትገኛለች። ስለዚህ መንገደኛው በ25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ አንድ ሺህ ሜትር ይወርዳል። መንገዱ በጭው ያለ ምድረ በዳና በገደል መካከል ስለሚያልፍ ለወንበዴ የተመቸ ነበር።

በዚያ መንገድ ካህኑ መጣ፤ አይቶት አለፈ። ሌዋዊውም መጣ፤ እርሱም አይቶት አለፈ። ብዙ ጊዜ ስለ ካህኑ ሲነገር «ወደ ቤተ መቅደስ ለአገልግሎት ሲቸኩል ነው» እንባባላለን። ወንጌላዊው ግን ካህኑ በዚያ መንገድ ይወርድ እንደነበረ ጽፏል፤ ወደ ኢያሪኮ የሚወርድ ሰው ደግሞ ኢየሩሳሌምን ወደ ኋላው ትቶ ነው። ስለ ሌዋዊው አቅጣጫ ግን ወንጌሉ አልገለጠልንም። ለምን እንዳለፉም ጌታ አልተናገረም። ምክንያቱ ያልተነገረው ምናልባት እያንዳንዳችን የራሳችንን ምክንያት በዚያ ባዶ ቦታ እንድናስገባበት ይሆናል።

ሌዋዊ ማን ነው? ሌዋውያን ካህናቱን እየረዱ ቤተ መቅደሱን የሚያገለግሉ ነበሩ። በመጀመሪያው ዜና መዋዕል ምዕራፍ 25 እንደምናነበው፣ ንጉሥ ዳዊት ከእነርሱ መካከል የአሳፍን፣ የኤማንንና የኤዶታምን ልጆች በበገና፣ በመሰንቆና በጸናጽል እንዲያመሰግኑ መድቧቸዋል። የተማሩትም መዘምራን ቁጥራቸው 288 ነበረ፤ በ24 ምድብም ተከፍለው በየተራቸው ያገለግሉ ነበር። እንግዲህ መዘምራን የሚወጡት ከሌዊ ነገድ ነው ማለት ነው። ይህን ስናነብ ደነገጥን። እስከ ዛሬ ድረስ ምሳሌውን ስናስተምር ራሳችንን ከሳምራዊው ጋር እናስቀምጥ ነበር። በዚያ ቅዳሜ ግን በኢያሪኮ መንገድ ላይ የእኛ ቦታ ከመዘምራኑ ወገን ነበረ። ሳምራዊው ደግሞ እኛ በክርክር የምናሳፍረው ልጅ ሆኖ ተገኘ።

አይሁድና ሳምራውያን እንደማይተባበሩ በዮሐንስ ወንጌል 4፥9 ተጽፏል። ጌታ ለሕግ ዐዋቂው የምሕረትን ሥራ ያሳየው በዚህ በተናቀ ሰው ነው። ይህ ማለት ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው ማለት አይደለም፤ የምናምነውን እናውቃለን፤ በእርሱም እንጸናለን። ነገር ግን ትክክለኛ እምነት ይዞ የወደቀውን አልፎ መሄድ እንደሚቻል ጌታ ራሱ አስጠንቅቆናል። ሕግ ዐዋቂው ባልንጀራው ማን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ጌታ ጥያቄውን ገልብጦ ከሦስቱ ለወደቀው ሰው ባልንጀራ የሆነው ማንኛው እንደሆነ ጠየቀው።

3. ጌታ በበዓል ቀን የሄደበት ስፍራ

የመጻጉዕን ወንጌል ስናጠና ቀድሞ ያላስተዋልነውን አንድ ነገር አየን። ዮሐንስ 5፥1 የአይሁድ በዓል እንደነበረና ጌታችን ወደ ኢየሩሳሌም እንደወጣ ይናገራል። ሰው ሁሉ ለበዓል በሚሰበሰብበት በዚያ ጊዜ ጌታችን አምስት መመላለሻ ወዳለባት መጠመቂያ፣ ዕውሮች፣ አንካሶችና ሰውነታቸው የሰለለ ሰዎች ወደሚተኙበት ስፍራ ሄደ። በዚያም ሰው የሌለውን ሰው ፈለገ።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3 ደግሞ ጴጥሮስና ዮሐንስ በጸሎት ሰዓት ወደ ቤተ መቅደስ ሲወጡ፣ መልካም በተባለው ደጅ አንድ ሽባ ሲለምን አገኙ። «ጸሎቱ ያልፍብናል» አላሉም። ቆሙ፤ ተመለከቱት፤ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም አስነሡት። ከዚያስ ምን ሆነ? ሰውየው እየዘለለና እግዚአብሔርን እያመሰገነ ከእነርሱ ጋር ወደ ቤተ መቅደስ ገባ። ሐዋርያት ስለቆሙ ጸሎታቸው አልጎደለም፤ እንዲያውም አንድ አመስጋኝ ጨመሩ።

4. ታዲያ መዝሙር ይቅር ወይ?

ይህን ጉዳይ በመርሐ ግብራችን ስንወያይበት አንዲት እኅታችን «ታዲያ ከዚህ በኋላ መዝሙር ጥናት እንተው ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። መልሱን በማቴዎስ ወንጌል 23፥23 እናገኘዋለን። ጌታ ከአዝሙድና ከከሙን ዐሥራት የሚያወጡትን ሰዎች የወቀሳቸው ዐሥራት በማውጣታቸው ሳይሆን ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን በመተዋቸው ነው። ያንን ሳይተዉ ይህን ሊያደርጉ ይገባቸው ነበር።

ሳምራዊውም ቢሆን መንገደኛ ነበር፤ ጉዳይ ነበረው። ቁስሉን በዘይትና በወይን ጠጅ አክሞ፣ በራሱ አህያ ላይ አስቀምጦ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ ሌሊቱንም ጠበቀው። በማግሥቱ ግን ጕዞውን ቀጠለ። ሲሄድ ሁለት ዲናር አውጥቶ ለማደሪያው ጠባቂ ሰጠ፤ ከዚያ በላይ የሚከስረውንም ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ። በማቴዎስ 20፥2 እንደተጻፈው አንድ ዲናር የአንድ ቀን የሠራተኛ ደመወዝ ነበረ። እንግዲህ ሳምራዊው ሥራውን አልተወም፤ ነገር ግን የቆሰለውን ሰው ያለ ጠባቂ ትቶት አልሄደም። እኛም ያጠፋነው እዚህ ላይ ነው። ጥፋታችን መዝሙር ማጥናታችን አይደለም። ወንድማችንን ለሌላ ሰው አደራ ሳንሰጥ፣ አንዲት ቃል እንኳ ሳንነግረው በተስፋ አስረን ማስቀመጣችን ነው። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዕዳው ግን የሚታወቀው ሲቀበሉት ሳይሆን ሲከፍሉት ነው።

የቤተ ክርስቲያን አባቶች ይህን ምሳሌ ሲተረጕሙ በወንበዴ የተደበደበው ሰው አዳም፣ ወንበዴዎቹ አጋንንት፣ ሳምራዊው ጌታችን፣ የእንግዶች ማደሪያውም ቤተ ክርስቲያን ናት ይላሉ። አይሁድ ጌታን ሊሰድቡት ሲፈልጉ ሳምራዊ ብለውት እንደነበረ በዮሐንስ 8፥48 ተጽፏል። እንግዲህ ማንንም ከመርዳታችን በፊት እኛ ራሳችን ከመንገድ ዳር የተነሣን ቁስለኞች ነን። ዓይነ ስውር ወንድማችን ዘንድ ስንሄድ ውለታ የምንውልለት መስሎን ነበር። አሁን ግን የተዋለልንን ውለታ የምናስብበት ሥራ መሆኑን ተረድተናል።

5. ከዚህ በኋላ ምን አደረግን?

በማቴዎስ 5፥23-24 ጌታ መባ ይዞ ወደ መሠዊያ የቀረበ ሰው ወንድሙ የሚቀየምበት ነገር እንዳለ ቢያስብ፣ መባውን በዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዟል። መዝሙር የእኛ መባ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጥናቱ በፊት ሦስታችን በአባላት ፊት ቆመን የሆነውን ተናገርን። የተቈጣንም የሳቀብንም አልነበረም። ይልቁንም ብዙዎች «እኛም ብንሆን እንዲሁ እናደርግ ነበር» አሉ።

ከዚያም በአንድ ደብተር ላይ የንባብ ተራ አወጣን። ለእያንዳንዱ ቅዳሜ ሁለት ሰዎች ይጻፋሉ። መቅረት ግድ የሆነበት ሰው በእርሱ ምትክ የሚያነብ ፈልጎ ስሙን ያስጽፋል፤ ለወንድማችንም እስከ ዓርብ ማታ ራሱ ይደውላል። የመዝሙር ጥናታችንም በአንድ ሰዓት ተኩል ዘግይቶ እንዲጀምር ተደረገ። እምነቱ ከእኛ ወደተለየው ልጅ ዘንድ ሄደን ስላደረገው ነገር አመሰገንነው፤ በክርክር ጊዜ ስላሳፈርነውም ይቅርታ ጠየቅነው። እስከ ዛሬ በሃይማኖት አልተስማማንም፤ አሁን ግን ስንነጋገር አንጯጯህም።

ውድ አንባብያን፤ የኢያሪኮ መንገድ ሩቅ አገር ብቻ አይደለም። ከዶርም ወደ ክፍል፣ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን በምንሄድበት መንገድ ላይም አለ። የቆሰለ ሰው ሁልጊዜ ደም እየፈሰሰው አይታይም፤ አንዳንድ ጊዜ ወረቀት ታቅፎ ደረጃ ላይ ይቀመጣል።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በዚህ ሳምንት ቃል ገብተን ያልፈጸምነው ነገር አለ? የሚጠብቀን ሰው ማን ነው?

ለ. ሁለት አገልግሎት በአንድ ሰዓት ሲገጥመን ከሳምራዊውና ከማደሪያው ጠባቂ ታሪክ ምን እንማራለን?

ሐ. ጴጥሮስና ዮሐንስ ለሽባው ቆመው ከእርሱ ጋር ወደ ጸሎት ገቡ። ወደ ሰንበት ትምህርት ቤታችን በምንመጣበት መንገድ ላይ ይዘነው ልንገባ የሚገባን ማን ነው?

የሰማነውን በልባችን ያሳድርልን፤ የተናገርነውንም እንድንፈጽመው ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር አሜን።