የራስ ቁር ሕግና የሞተር ብስክሌት ነጂዎች ማኅበራት

ሕግ በምክር ቤት ከጸደቀ በኋላ በገበያ፣ በፍርድ ቤትና በመንገድ ላይ ይፈተናል፤ ፈተናውን ያላለፈውም ይሻሻላል ወይም ይሻራል። አንድ ዕቃ በሕግ ግዴታ ሲሆን ገበያው ወዲያው ይሰፋል፤ ግዴታው ሲነሣም ይጠባል። ስለዚህ አስመጪም ሆነ ላኪ ወይም ባለሱቅ የሕግን አካሄድ ማጥናት ይገባዋል። ለዚህም ጥናት በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የሞተር ብስክሌት ነጂዎች የራስ ቁር ሕግ ያለፈበት መንገድ መልካም ምሳሌ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩ኛ፤ የገንዘብ ልጓም

በአሜሪካ ስለ ተሽከርካሪና ስለ ነጂ ሕግ የማውጣት ሥልጣን በአብዛኛው የየግዛቱ ምክር ቤት ነው። ስለሆነም ማዕከላዊው መንግሥት ነጂው ሁሉ የራስ ቁር ያድርግ ብሎ በቀጥታ አላዘዘም። ነገር ግን በ1966 በወጣው የአውራ ጎዳና ደኅንነት ሕግ መሠረት፣ የራስ ቁር ሕግ የማያወጣ ግዛት ለደኅንነትና ለመንገድ ሥራ ከሚመደብለት ገንዘብ ከፊሉን እንዲያጣ ተደረገ። ልጓሙ ብርቱ ስለ ነበረ በ1975 ከሦስት ግዛቶች በቀር ሁሉም ሕጉን አውጥተው ነበር።

፪ኛ፤ የነጂዎቹ ክርክር

ብዙ ነጂዎች ሕጉን በደስታ አልተቀበሉትም። ሰው በገዛ ራሱ ላይ ለሚያመጣው ጉዳት መንግሥት ሊያዝዘው አይገባም ሲሉ ተከራከሩ። የሚሺጋን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1968፣ የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1969 ይህን ክርክር ተቀብለው የየግዛታቸውን ሕግ ውድቅ አደረጉት። በ1972 ግን በማሳቹሴትስ ያስቻለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ተቃራኒውን ፈረደ። የወደቀውን ሰው ከመንገድ የሚያነሣው፣ በሕዝብ ሆስፒታል የሚያሳክመው፣ ሥራ መሥራት ቢሳነውም የሚረዳው ኅብረተሰቡ ስለሆነ ጉዳቱ የነጂው ብቻ አይደለም ሲል ወሰነ።

ነጂዎቹ ከፍርድ ቤቱ ሌላ በምክር ቤትም ተሟገቱ። ከ1924 ጀምሮ የቆየው የአሜሪካ ሞተር ብስክሌት ነጂዎች ማኅበርና በ1970ዎቹ ዓመታት «አቤይት» በሚል ስም በየግዛቱ የተቋቋሙት ማኅበራት አባሎቻቸውን አስተባብረው ከእንደራሴዎቻቸው ፊት ቀረቡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በ1976 ኮንግሬስ የገንዘቡን ቅጣት አነሣ። በአራት ዓመት ውስጥም ከግዛቶቹ ግማሽ ያህሉ ሕጋቸውን ሻሩ ወይም አላሉ። በ1991 ኮንግሬስ ልጓሙን በሌላ መልክ ቢመልሰውም በ1995 እንደገና ፈታው።

፫ኛ፤ የጥናት ምስክርነት

በ1981 ሃሪ ኸርት የተባሉት የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 ያህል አደጋዎችን መርምረው ያገኙትን አሳተሙ። ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር በተደረጉት ግጭቶች፣ ከሦስቱ በሁለቱ ያህል የሞተር ብስክሌቱን ቅድሚያ የነፈገው የሌላው ተሽከርካሪ ነጂ ነበር። ስለዚህ ነጂዎቹ ጥፋቱ ሁሉ የእኛ አይደለም ማለታቸው እውነት ነበረው። ይሁን እንጂ ይኸው ጥናት የራስ ቁር ከራስ ጉዳት በእጅጉ እንደሚያድን አረጋግጧል። የአገሪቱ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንደሚገምተው፣ ያለ ራስ ቁር ከሚሞቱት መቶ ነጂዎች 37ቱን የራስ ቁር ሊያድናቸው ይችል ነበር። ሕጉ ሲላላ ዋጋው በሰው ሕይወት የሚከፈል መሆኑ ከዚህ ይታያል።

፬ኛ፤ የመካከል መንገድ

አንዳንድ ግዛቶች ነጻነትንና ኃላፊነትን ለማስታረቅ ሞከሩ። ፍሎሪዳ በ2000 ዕድሜው 21 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ነጂ የ10,000 ዶላር የሕክምና ኢንሹራንስ ካለው ያለ ራስ ቁር እንዲነዳ ፈቀደች። ሚሺጋን በ2012 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ ኢንሹራንሱን 20,000 ዶላር አደረገችው። ሉዊዚያና በ1999 ያላላችውን ሕግ በ2004 መለሰችው። በ2024 የነብራስካ ሕግ ከላላ በኋላ ነጂውን ሁሉ የሚያስገድዱት 17 ግዛቶችና ዋና ከተማዪቱ ዋሽንግተን ብቻ ነበሩ።

፭ኛ፤ ለነጋዴ የሚጠቅመው ትምህርት

አንደኛ፤ በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ሕጉ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ፣ ላኪ ዕቃውን ከመጫኑ በፊት የሚሸጥበትን ግዛት ሕግ ይመርምር።

ሁለተኛ፤ ግዴታው ቢላላም የጥራት ደረጃው አይላላም። ለሞተር ብስክሌት ነጂ የተሠራ የራስ ቁር ሁሉ ከ1974 ጀምሮ የሚጸናውን ቁጥር 218 የተባለውን የፌዴራል ደረጃ ማሟላት አለበት። በዚያ አገር ደረጃውን ማሟላቱን የሚያረጋግጠው አምራቹ ራሱ ነው፤ መንግሥት ከገበያ እየገዛ ይፈትናል። ለጌጥ ብቻ የተሠሩ ቀጫጭን ቁሮች ሐሰተኛ ምልክት እየተለጠፈባቸው ስለ ተሸጡ፣ ከ2013 ጀምሮ የአምራቹ ስምና የዕቃው ሞዴል በምልክቱ ላይ እንዲጻፍ ተደርጓል። በምልክት ብቻ ተማምኖ የሚገዛ ነጋዴ ኪሳራውን ለራሱ፣ አደጋውን ለደንበኛው ያተርፋል።

ሦስተኛ፤ የአሜሪካ ሕግ የተለዋወጠው በተደራጁ ሰዎች ድምፅ ነው። የሞተር ብስክሌት አምራቾችም በ1973 የደኅንነት ድርጅት አቋቁመው ነጂዎችን በማሠልጠን ተካፍለዋል። ነጋዴ ስለ ሕግ አስተያየቱን ሲያቀርብ የራሱን ትርፍ ብቻ ሳይሆን የገዢውን ደኅንነት ቢያስቀድም ቃሉ የበለጠ ይሰማል፤ ገዢው በሕይወት ሲኖር ነውና ደንበኛ ሆኖ የሚመለሰው።